አቶ ቃሲም የመሰከሩለት ሰው

ሽማግሌ ተልኮ የተበላሸ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ ድንበር ሲገፋ ሽማግሌ፣ ደም ሲፈስ እንኳ ሽማግሌ ነው የሚገባው። ዋለ የሚባል የሥራ ባልደረባዬን ጉዳይ ግን ሽማግሌ ገደለው። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል። ብትታገሡኝ ልንገራችሁ፤ ስሞቹን ግን ለውጫቸዋለሁ፤ ለምን እንደለወጥኳቸው ኋላ ይገባችኋል። እኔን እህተማርያም በሉኝ።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሬዲዮ መገናኛ ነበረን፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ትእዛዝና ወሬ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሬዲዮው ላይ የሚሠራው ዋለ ነበር። የፎንቆ ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ እሑድ ጸሎት ቤት የማይቀር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ቤቱ ሀዲይኛ ያወራል፤ ቢሮ ሲገባ ደግሞ አማርኛው ከመጽሐፍ የሚያነብ ያስመስለዋል። «ዋለ፣ እኔ እኮ ዳኛ አይደለሁም፣ እንደ ሰው አውራኝ!» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ይስቃል፣ ተመልሶ እንደዚያው ያወራል።

ጥፋቱን ያጠፋው በኮንጎ ዘመቻ ጊዜ ነው። ፎንቆ ላይ አቶ ቃሲም የሚባሉ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ የዋለ አባት ጎረቤት። ልጃቸው ሙሐመድ ወታደር ሆኖ ኮንጎ ዘምቷል። አንድ ቀን ሬዲዮው የሙሐመድን ሞት ይዞ መጣ። ከሥሩ ትእዛዝ አለው፤ መርዶውን የሚነግር መኮንን ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ በምስጢር ይያዝ ይላል። ጊዜው ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። መኮንኑ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ቀረ።

በዚያው ሰሞን አቶ ቃሲም ገበያ መጥተው ቢሯችን ጎራ አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ለሙሐመድ ሚስት የምትሆን ልጅ አጭተውለታል፤ ለልጅቷ አባት የሚሰጡትን ከብት በዚያው ሳምንት ሊነዱ ነው። «ዋለ፣ ሙሐመድ ሲመለስ ሠርጉ ላይ ሚዜው አንተ ነህ!» ብለው ትከሻውን መቱት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ዋለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ አመድ ሆነ። ያኔ አልገባኝም፤ ሆዱን ያመመው ነበር የመሰለኝ።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ሰውዬው ለሞተ ልጅ ሚስት ሊያመጡ ነው! ዋለ ያደረገው የአገሩን ወግ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ ፎንቆ ሄዶ፣ አባትን አስቀምጦ አረዳቸው። መኮንኑ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ በመጨረሻ ሲደርስ ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሊፈርስ ነው። ጩኸቱን አትጠይቁኝ። «ማነው ያወጣው?» ተባለ። ዋለ ማንም ሳይዘው፣ ማንም ሳይጠቁምበት ሄዶ «እኔ ነኝ» አለ።

ከሬዲዮው ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። መጥረጊያና ላምባ፣ ካርቦንና የቀለም ብልቃጥ የሚያድል ሆነ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ክረምት ክረምት ያለቅሳል። እሱ ግን የቆጨው ክፍሉ አልነበረም፤ ስሙ ነበር። ከተማው «ወንፊት» አለው። ወንፊት! ምስጢር የማይቋጥር ማለታቸው ነው። ጠላ ቤት የተጀመረው ስም ትምህርት ቤት ደረሰና ልጁን «የወንፊቱ ልጅ» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን እያለቀሰች ቢሮ መጣች። አባቷ ምን ብሎ ያባብላት? መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫዋን ጠረገላት።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። የምስጢር መዝገብ ቤቱ ሹም ጡረታ ወጡና ቦታቸው ባዶ ሆነ። የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ግራዝማች ኃይለሚካኤል ደግ ሰው ነበሩ፤ ዋለን ይወዱታል። «አመልክት» አሉት። ዋለ መጥቶ ነገረኝ። «እትዬ፣ እዚያ ክፍል ከተቀመጥኩ እኮ ማንም ወንፊት አይለኝም» አለኝ። እሱን ነበር የፈለገው፤ ስሙን። እኔም ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም።

ግን በዚያ ክፍል የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ይመረመራል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ግራዝማች ሊቀ መንበር፣ ከአዲስ አበባ የተዛወሩት አቶ ተረፈ፣ አንድ የፖሊስ መቶ አለቃ። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እመታለሁ። እዚያ የሚባለውን ውጭ እንዳልናገር አስፈርመውኛል።

አቶ ተረፈን መጀመሪያ ጠምጄ ይዣቸው ነበር፤ ሰውየው ግን ክፉ አልነበሩም። ፍርድ ያውቃሉ። የዋለን ማኅደር ገልጠው ነገሩን አንድ በአንድ መዘኑት። ጥፋቱ ከተፈጸመ ቆይቷል። ጥቅም አላገኘበትም። ተይዞ ሳይሆን ራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወቀሳ የለበትም። ይሄ ሁሉ ለእሱ ይመሰክራል። «አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል» አሉ። «ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ረስቶ የወጣ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር፤ ዝንጉን ሰው መክረን እናስተካክለዋለን። ዋለ ግን አውቆ ነው የተናገረው። አውቆ የተናገረ ሰው ነገም ልቡ ከራራ ይናገራል።»

«ልቡ የራራው አንድ ቀን ነው፤ እንኳን እሱ እኔም እራራ ነበር» አሉ ግራዝማች።

«አንድ ቀን ከሆነ እኔም እፈርማለሁ» አሉ አቶ ተረፈ። እልል ልል ፈልጌ ራሴን ያዝኩ።

ዋለ ተጠርቶ ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጵርስቅላ፣ ሚስቱ፣ የተኮሰችለት ያስታውቃል። አቶ ተረፈ ጠየቁት፤ ጥፋትህን ታምናለህ? አምናለሁ። ያንን ምስጢር ማውጣትህ ይጸጽትሃል? ትእዛዝ መጣሴ ይጸጽተኛል። ደህና። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ያወጣኸው ምስጢር አለ?

«የለም» አለ ዋለ። እኔም «የለም» ብዬ መታሁ።

አቶ ተረፈ ብዕራቸውን አነሱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነበር። በሩ ተንኳኳ።

ጵርስቅላ ናት ጉዱን ያፈላችው። ባሏ ኮሚቴ ፊት እንደሚቀርብ ሰምታ፣ ለእሱ ሳትነግረው፣ ፎንቆ ድረስ በእግሯ ሄዳ ሽማግሌ ለምናለች። ምን ታድርግ? በእሷ አስተዳደግ ሰው በድሎ ይቅርታ ሲፈልግ ብቻውን አይቆምም፤ ሽማግሌ ይቆምለታል። የጸሎት ቤታቸውን ሁለት አዛውንቶች ያዘች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሳቸውን አቶ ቃሲምን ይዛ መጣች። እስቲ አስቡት፣ ከአቶ ቃሲም የተሻለ ማን ይመሰክራል? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እሳቸውን ነበር የማመጣው።

ሦስቱ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጵርስቅላ ከኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። መቶ አለቃው «ስብሰባ ላይ ነን» ሊል ነበር፤ ግራዝማች ግን ሽማግሌ ከበር መመለስ አይሆንላቸውም። ተነስተው ወንበር ሰጧቸው። ዋለ አቶ ቃሲምን ሲያይ ደነገጠ። ምን እንዳስደነገጠው ያኔ አላወቅኩም።

አዛውንቶቹ በወጉ ተናገሩ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ማሩት አሉ። ከዚያ አቶ ቃሲም ተነሱ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፣ ድምፃቸው ግን የገበያ ድምፅ ነው።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ንግግር አልችልም» አሉ። «ይህ ልጅ የተቀጣው በእኔ ምክንያት ነው፤ እኔ ካልተናገርኩለት ማን ይናገርለታል? ሰው ሁሉ ዋለ መርዶ ነገረው ይላል። እሱ ትንሹ ነው! ትልቁን ማን ያውቃል? ሙሐመድ ሊዘምት ሲል እኔ ሙዱላ ገበያ ከብት ልገዛ ተነስቼ ነበር። ዋለ ቤቴ ድረስ መጣ። ‹አባባ፣ ሙዱላን ይተዉት፤ የሙሐመድ ጦር የሚነሳው በዚህ ቀን ነው፣ ሄደው ይዩት› አለኝ። ማንም አያውቅም ነበር፤ የወታደር ሚስት እንኳ አታውቅም። ሄድኩ። ልጄን አቀፍኩት፣ ራሱን ይዤ መረቅኩት፣ ዱዓ አደረግሁለት። ይህ ልጅ ባይነግረኝ ኖሮ ልጄ ሳላየው ነበር የሚሞተው። አላህ ይስጠው! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታገኛላችሁ?»

አዛውንቶቹ «አሜን» አሉ።

ጣቶቼ ታይፑ ላይ ቀሩ። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ተረፈ ብዕራቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። የጦር መነሻ ቀን! መርዶስ መርዶ ነው፣ ሰው ይሞታል፣ አባት ይሰማል። ጦር የሚነሳበት ቀን ግን ለማንም የማይነገር ነገር ነው፤ ይሄን እኔም ታይፒስቷ አውቃለሁ። ደግሞ አሁን፣ ከአፍታ በፊት፣ «የለም» ብሏል። እኔ ነኝ የመታሁት።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ቃሲም፣ ነገሩ ቆይቷል፤ ሐዘን ደግሞ ሰውን ያምታታል። የጦሩን መነሻ ምናልባት ከሌላ ሰው ሰምተውት እንዳይሆን? ከገበያ ወሬ?»

«እኔ?» አሉ አቶ ቃሲም ተቆጥተው። «ልጄን ያየሁበትን መንገድ እረሳለሁ?»

ግራዝማች ወደ ዋለ ዞሩ። እያሳለፉት ነበር፤ በሩን በሰፊው ከፍተውለት። «ዋለ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ሽማግሌው ተሳስተው ነው፣ አይደለም?»

በልቤ «በል ‹አዎ› በል! በል እንጂ!» እያልኩ ነው። አንድ ቃል ናት። አቶ ተረፈ ራሳቸው እንዲላት ይፈልጉ ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ዋለ አቶ ቃሲምን አያቸው። ሽማግሌው እየሳቁለት ነው፣ አይዞህ የሚሉት ይመስላሉ። «አዎ» ካለ ልጃቸውን ያቀፉበትን ቀን በእኩዮቻቸው ፊት ውሸት ሊያደርግባቸው ነው እንግዲህ።

«አልተሳሳቱም» አለ። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«አላልኳችሁም!» አሉ አቶ ቃሲም፣ ፊታቸው በርቶ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። በሩ ሲዘጋ አቶ ተረፈ ማኅደሩን ዘጉ። ከዚያ «ለምን የለም አልከን?» ብለው ጠየቁት፤ በቁጣ አልነበረም።

«ስትጠይቁኝ ትዝ አላለኝም ብል ይሻለኝ ነበር» አለ ዋለ። «እውነቱ ግን፣ እንደ ምስጢር ቆጥሬው አላውቅም። አባት ልጁን ይመርቅ ብዬ ነው። የለም ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም።»

«ችግሩ እኮ እሱ ነው» አሉ አቶ ተረፈ። «የትኛው ምስጢር እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ የምትወስነው አንተ ነህ። ያ ክፍል ደግሞ ለዚያ አይሆንም። ሁለት ጊዜ ነው ዋለ። አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ…» ብለው ተዉት።

ልጣላቸው ፈልጌ ነበር፤ የምጣላበት ምክንያት አጣሁ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ! በምስጢር ሥራ ላይ እንዳይመደብ የሚለውን ውሳኔ በእነዚህ እጆቼ መታሁት። ግራዝማች ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩኝም።

ወረቀቱን አስፈርሜ ብወጣ አቶ ቃሲም ግቢው ውስጥ ዋለን አቅፈው ይዘውታል። «እንዴት ነው? ተሳካ?» ይላሉ። ጵርስቅላ ከጎን ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ዋለ «ጨረሱልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አላቸው። ጵርስቅላ እልል አለች። እኔ ወደ ቢሮ ተመልሼ በሩን ዘጋሁ።

ዋለ ኋላ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት።

«እኔ ራሴ አልፈልግም ብዬ ተውኩት እላለሁ። የኮሚቴው ነገር ምስጢር ነው፣ እነሱ አይናገሩም። የቀረሽው አንቺ ነሽ እትዬ።»

«አብደሃል እንዴ? ሰዉ ምን ይልሃል? ጵርስቅላስ?»

«ለእሷም እንደዚያው ነው የምላት። እሷ ናት የላከቻቸው፤ ካወቀች ራሷን ትበላለች። አቶ ቃሲም ደግሞ ከልጃቸው የቀራቸው ያ ምርቃት ብቻ ነው፤ መቃብሩን እንኳ አላዩም። በእሱ ምክንያት እኔ መጣሌን ከሰሙ፣ ያንን ቀን ባስታወሱት ቁጥር ይቆጫሉ። ይሄንን አልቀማቸውም።»

«ስምህስ? ልጅህስ?»

«ይቆጨኛል» አለ። «አይቆጨኝም አልልሽም። በጣም ነው የሚቆጨኝ።» ከዚያ አለቀሰ። ዋለ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ለማንም ላልናገር በመስቀል ማልኩለት።

ቃሉን ጠበቀ። ጵርስቅላ በየሰው ደጅ ቆማ፣ ጭቃ ለጭቃ ተመላልሳ የለመነችለትን ሹመት «አልፈልግም አለ» ተብሎ ሲነገራት እንዴት እንደሆነች አትጠይቁኝ። አልተፋታችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ትተኩሳለች፤ ጨዋታ ግን ቀረ። ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር «ሰው እንዴት የሚስቱን ልፋት እንዲህ ይንቃል?» ትለኛለች። እኔ የጎመን ዋጋ እጠይቃታለሁ።

የአቶ ቃሲም ከሁሉ ባሰ። ለዋለ ብለው በስተርጅና መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንተዋል፤ ታዲያ ልጁ ሹመቱን ረገጠው! ትዕቢተኛ ነው፣ ጥጋበኛ ነው እያሉ ከፎንቆ እስከ ሺንሺቾ ገበያ አወሩበት። አንድ ጊዜ ከዋለ ጋር አብረን ስንሄድ በበቅሎ ሆነው መጡ። ዋለ ከመንገዱ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። ልጓሙን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዙረው አለፉ። «አቶ ቃሲም!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ዋለ ክንዴን ያዘኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ፈጀኝም።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳንባውን ጨረሰው መሰለኝ፣ ሳይሸብት ታመመ። ባለፈው ጥቅምት ሞተ። እስከ መጨረሻው መጥረጊያና ላምባ ሲያድል ነበር።

ለቅሶው ላይ አቶ ቃሲም መጡ። በጣም አርጅተዋል፤ ሰዎች ደግፈው ነው ከበቅሎ ያወረዷቸው። ድንኳኑ ውስጥ ጵርስቅላ አጠገብ አስቀመጧቸው። የእሳቸውንና የዋለን ቅያሜ የማያውቅ የለም።

«ዋለ አስቀይሞኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እንደ ልጄ ነበር የማየው። ቆሜ መሰከርኩለት፣ እሱ ግን ናቀኝ። እንግዲህ ሞተ፤ ቂሜን ትቻለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ አላህም ይቅር ይበለው።»

ሰዉ ሁሉ «አሜን፣ አሜን» አለ። እንዴት ያለ ደግ ሰው፣ አሉ። ጵርስቅላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «እኔም ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። እናንተ ናችሁ እሱን ይቅር የምትሉት? እናንተ? ብዬ ልነሳ ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

ያኔ ጵርስቅላ ወደ እኔ ዞረች። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ይቃጠላል።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ያን ቀን እዚያ ክፍል ነበርሽ» አለችኝ። «እስቲ በእግዜር፣ አሁን እንኳ ንገሪኝ። ለምንድነው እምቢ ያለው?»

አቶ ቃሲምም ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን ይጠብቃሉ።

«እኔ ታይፕ እየመታሁ ነበር» አልኳት። «አልሰማሁም።»

ጵርስቅላ እጄን ለቀቀችኝ። አመነችኝ።